ነርቭ ሳይደርሰው ስለሚቀር የሕፃናት አንጀት

ከገዳሪፍ እስከ ገላባትና መተማ ባለው የእርሻ አገር ሰሊጥና ማሽላ በሚሰበሰብበት ወራት ብዙ ቤተ ሰብ ከሐኪም ቤት ርቆ ይሰነብታል፤ በዚያም የሚወልዱ እናቶች አሉ። ሕፃኑ በተወለደ በ2 ቀን ውስጥ እንደ ዝፍት የሚያጣብቀውን ጥቁር አረንጓዴ የመጀመሪያ ዐይነ ምድር ካላስወጣ፥ ሆዱም ተነፍቶ አረንጓዴ ካስታወከ፥ ነገሩን በእናቲቱ ምግብ ወይም በሰው ዐይን ማመካኘት ስሕተት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ በማሕፀን ሳለ የደረሰ የአንጀት ነርቭ ጉድለት ነው።

አንጀት በግድግዳው ውስጥ የራሱ የነርቭ መረብ አለው፤ ይኸውም ከአንጎል ትእዛዝ ሳይጠብቅ አንዱን ክፍል እያጠበበ ቀጥሎ ያለውን እያላላ የበላነውን ወደ ታች ይገፋል። እነዚህ የነርቭ ሕዋሳት በፅንሱ የመጀመሪያ ወራት ከላይ ተነሥተው በአንጀት ውስጥ ቁልቁል ይጓዛሉ። ከመንገድ የቀሩ እንደ ሆነ ያልደረሱበት የመጨረሻው ክፍል እንደ ተኰማተረ ይቀራል፤ መላላት አይችልም። በላዩ ያለው ጤነኛ አንጀት ግን ማሳለፊያ አጥቶ ይነፋል። ይህ ጉድለት ከ5,000 ሕፃናት በ1 ያህል ላይ ይደርሳል፤ በወንዶች ላይ ይበዛል።

የዴንማርኩ የሕፃናት ሐኪም ሐራልድ ሂርሽስፕሩንግ በዚህ ስለ ሞቱ ሁለት ሕፃናት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 በበርሊን ጉባኤ ላይ ተናገረ፤ በሽታውም በስሙ ይጠራል። ሐኪሞች ግን ለብዙ ዘመን ዐይናቸው በተነፋው ክፍል ላይ ስላረፈ በሽታው በዚያ ያለ መሰላቸው፤ ጤነኛውን ቈርጠው የታመመውን የተዉም ነበሩ። በ1948 አሜሪካዊው ኦርቫር ስዌንሰን ጠባቡን ቈርጦ ጤነኛውን ወደ ታች ስቦ የሚያጋጥም ቀዶ ሕክምና አስታወቀ። ያበጠው ጤነኛ፥ ቀጭኑ በሽተኛ መሆኑ ዛሬም ለሰሚው እንግዳ ነው።

በአገራችን ሕፃን ሲወለድ ቅቤ ማላስ የቈየ ልማድ ነው። ነገር ግን ቅቤም ሆነ ሥራ ሥር ነርቭ የሌለውን ክፍል ሊያላላ አይችልም። በቤት ውስጥ ተራ ውሃ በፊንጢጣ ማስገባትም አደገኛ ነው፤ አንጀቱ ውሃውን መጥጦ የደሙን ጨው ያቀጥናል። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ዘግይቶ የሚመጣው ተቅማጥ ነው። ሆዱ ተነፍቶ የሰነበተ ሕፃን ትኩሳት ይዞት ሽታው የከፋ ተቅማጥ በድንገት ሲወርደው፥ ቤተ ሰቡ ሆዱ ተከፈተ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ያ ግን አንጀቱ የተመረዘበትና ሕይወቱ በሰዓታት የምትቈጠርበት ጊዜ ነው።

ሐኪሙ ከፊንጢጣው በላይ ቅንጣት ሥጋ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል። ሕፃኑ ከደከመ በቅድሚያ በሆዱ ላይ ጊዜያዊ የዐይነ ምድር መውጫ ይከፍትለታል፤ ዋናው ቀዶ ሕክምና ኋላ ይደረጋል። በ2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በካርቱም ብዙ ሐኪም ቤቶች ሥራ ስላቆሙ፥ ለገዳሪፍ ሰው መንገዱ እጅግ ከብዷል፤ ስለዚህም አንድ ቀን ቀድሞ መነሣት ከፊተኛው ዘመን ይልቅ ዋጋ አለው። አዋላጅዋ ዐይነ ምድሩ የወጣበትን ቀንና ሰዓት ልብ ብላ ትያዝ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።