የአምራቾች ጉትጎታና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ
በደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ላይ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

በዓል ባለፈ ማግሥት ከቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ከሚለቀመው ቆሻሻ ብዙው ሃይላንድና ፌስታል መሆኑን የተከበራችሁ ካህናት አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት ታውቃላችሁ። ጸበል የሚቀዳባቸው ጠርሙሶችም ከዚሁ ይደመራሉ። ጌታችን ሕዝቡን ከመገበ በኋላ የተረፈው ፍርፋሪ እንዲሰበሰብ ማዘዙን የምናስተምር እኛ፣ ከማዕዳችንና ከበዓላችን የሚተርፈው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ስለዚሁ ጉዳይ አምራች ድርጅቶች የሚያሰሙትን ድምፅና ሰበካ ጉባኤ በዚያ ውስጥ ሊኖረው የሚገባውን ስፍራ ነው።

፩. አምራቾች ምን ይጠይቃሉ?

የመጠጥና የማሸጊያ አምራቾች በማኅበር ተሰባስበው በደረቅ ቆሻሻ ጉዳይ መንግሥትን መጎትጎታቸው በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ጥያቄዎቻቸውም ተቀራራቢ ናቸው። ቆሻሻ ከየቤቱ ተለይቶ እንዲወጣ፣ ከተሞችና አጎራባች ወረዳዎች የጋራ መሰብሰቢያና መልሶ ማምረቻ እንዲኖራቸው፣ ክልከላና ግብርም በአንድ ጊዜ እንዳይጫንባቸው ይጠይቃሉ።

ይህን የሚያደርጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት የተባለው ፕላስቲክ ተፈጭቶና ታጥቦ እንደገና ጥሬ ዕቃ ይሆናል፤ ፋብሪካ ደግሞ ሳይቋረጥ የሚደርሰው ጥሬ ዕቃ ይሻል። በየመንገዱ የወደቀው ጠርሙስ የአምራቹን ስም ይዞ መገኘቱም ሌላው ምክንያት ነው። ጥቅማቸውን መፈለጋቸው ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ጥያቄያቸውን ስንሰማ ጥቅማቸውን አውቀን ልንሰማ ይገባል።

፪. በጎ ፈቃድና ሕግ

አምራቾች ሲስማሙ አንድ ድርጅት ብቻውን የማይችለው ይቻላል። በአገራችን የታሸገ ውሃ አምራቾች ቀድሞ በክዳኑ ላይ ይጠመጠም የነበረውን ስስ ፕላስቲክ ማስቀረታቸው ለዚህ ምሳሌ ነው። ያ ልባስ ለመሰብሰብ እጅግ ትንሽ፣ ለመጣል ግን ቀላል ነበር።

ይሁን እንጂ በጎ ፈቃድ ወሰን አለው። በደቡብ አፍሪካ የፔት አምራቾችና ተጠቃሚዎች ፔትኮ የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 በራሳቸው ፈቃድ አቋቁመው ጠርሙስ የማሰባሰቡን ሥራ በገንዘብ ይደግፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን መንግሥት የአምራችን ኃላፊነት በሕግ አስገዳጅ አደረገው። በፈቃዱ የማይከፍለው ከሚከፍለው ጋር በአንድ ገበያ ሲሸጥ የሚከፍለው ይጎዳልና፣ ሕግ ሸክሙን ለሁሉም ያካፍላል። በእኛም አገር በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። በመሆኑም የበጎ ፈቃድ ሥራ ብቻውን ይበቃል የሚል ጉትጎታ ስንሰማ ይህን ልናስታውስ ያስፈልጋል።

፫. ከሰንዳፋ የምንማረው

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የከተማ አስተዳደሮች ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁና ሲፈጽሙ የአካባቢውን ማኅበረሰብ እንዲያሳትፉ ደንግጎ ነበር። የዚህ ድንጋጌ ክብደት በሰንዳፋ ታየ። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ የተሠራው ዘመናዊ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ቆሻሻ መቀበል ጀመረ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ግን ሽታውና ፍሳሹ ውሃቸውንና ከብቶቻቸውን እንደጎዳ ገልጸው ተቃወሙ፤ ሥራውም ከወራት በኋላ ቆመ። የከተማው ቆሻሻ ወደ ቀድሞው ስፍራ፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለፉ።

የዚያ አደጋ ምክንያት አንድ ብቻ ነው አንልም፤ ክምሩ የተከማቸው በብዙ አሥርት ዓመታት ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ተረጋግጧል። ቆሻሻውን የሚቀበለው ጎረቤት ያልመከረበት ሥርዓት፣ ግንባታው ምንም ያህል ቢያምር አይጸናም። አምራቾች በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ የሚናገርላቸው ማኅበር አላቸው። በክምሩ አጠገብ የሚኖረው ቤተሰብ፣ ቆራሌው፣ ለቅማ የምትተዳደር እናት ግን እንዲህ ያለ አፍ የላቸውም። እነርሱ የአጥቢያችን ምእመናንና ጎረቤቶች ናቸውና ድምፃቸውን ማሰማት የእኛ ድርሻ ነው።

፬. ሰበካ ጉባኤ ምን ያድርግ?

አንድ ድርጅት ጠርሙስ ማጠራቀሚያ በቅጥራችሁ ላኑር ብሎ ሲመጣ ከመስማማታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

• የተሰበሰበውን ማን፣ በየስንት ቀን ያነሣዋል? ሳይነሣ ቢቀርስ ማን ይጠየቃል?
• በኪሎ ስንት ይከፈላል? ገንዘቡስ ለማን ይደርሳል?
• እስከ ዛሬ በአጥቢያው እየለቀሙ የሚኖሩት ወገኖች ከሥራው ይገፋሉ ወይስ ይታቀፋሉ?
• ድርጅቱ የማይወስደው ፌስታልና ሌላ ቆሻሻ የት ይደርሳል?

ስለ መጓጓዣም አስቀድማችሁ አስቡ። የግማሽ ሊትር ባዶ ጠርሙስ 20 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ስለሚመዝን፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት 50 እና ከዚያ በላይ ጠርሙስ ያስፈልጋል። ሳይጨፈለቅ የተጫነ መኪና የሚያመላልሰው አየር ነው፤ የነዳጁ ወጪም ዋጋውን ይበላዋል። ስለዚህ ከከተማ የራቀ አንድ አጥቢያ ብቻውን አይዘልቀውም። በወረዳ ቤተ ክህነት አማካይነት ብዙ አጥቢያዎች ጠርሙሱን ጨፍልቀው በጆንያ ቢያጠራቅሙና በአንድ ቀን ቢያስጭኑ ግን ሥራው ወጪውን ሊሸፍን ይችላል። ዋጋም በአንድ ላይ ሆኖ መደራደር ይቀላል።

ከሁሉ በፊት ግን የሚጣለውን መቀነስ ይቀድማል። ምእመናን ለጸበል በየጊዜው አዲስ ጠርሙስ ከሚገዙ ታጥቦ የሚመለስ ጀሪካን ይዘው እንዲመጡ በዐውደ ምሕረት ማስተማር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

የመወያያ ጥያቄዎች

፩. የአጥቢያችን ቆሻሻ የመጨረሻ ማረፊያው የት ነው? በዚያ የሚኖሩት እነማን ናቸው? ጠይቀናቸው እናውቃለን?
፪. በቀበሌው ወይም በወረዳው ስለ ደረቅ ቆሻሻ ሲመከር ሰበካ ጉባኤያችንን የሚወክለው ማን ይሁን?
፫. ከአጎራባች አጥቢያዎች ጋር በጋራ ማጠራቀሚያ ለመጀመር ከቀጣዩ ዓመታዊ ክብረ በዓል በፊት ምን መዘጋጀት አለበት?

ውይይቱን በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ ለወረዳ ቤተ ክህነት እንድታቀርቡ በአክብሮት እናሳስባለን።