ሸምቀቆ ይገደብ ወይስ ይከልከል?

ነገሩ የተነሳው መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ከአንዲት ሻይ ቤት ነው። አገሬው ደንቆሮ ጫካ ሲለው ከኖረው ከቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አዋሳኝ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ስለ ወጥመድ ብጠይቃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው ሸምቀቆ እንዴት እንደሚጠመድ አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ጃርቱ በአንድ ሌሊት የድንቹን መደብ ይገለብጠዋል። ገብሱን ደግሞ ጭላዳው ይጨርሰዋል። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አሉኝ።

«አባባ፣ ሽቦው ጃርቱን ከሚዳቋ ይለያል ወይ?» ብዬ ጥያቄውን በጥያቄ መለስኩ። ይህ መልስ እንዳልሆነ እሳቸውም እኔም አውቀናል።

የሸምቀቆ ጉዳት የሚመነጨው ከአሠራሩ ነው። የሽቦ ወይም የገመድ ቀለበት በአውሬው መተላለፊያ ላይ ይዘረጋል፤ ጫፉ ከችካል ወይም ከዛፍ ግንድ ጋር ይታሰራል። እንስሳው በታገለ ቁጥር ቀለበቱ እየጠበቀ ይሄዳል። አንገቱን ከያዘው ያንቀዋል፤ እግሩን ከያዘው ሥጋውን ቆርጦ አጥንት ላይ ይደርሳል። አጥማጁ ቤቱ ተኝቷልና ማን እንደገባ አያውቅም። ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ የጎረቤት ጥጃ፣ የእረኛ ውሻ፣ ሁሉም ያው ነው። ከጫካው በላይ ባለው ደጋ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም ከዚህ አያመልጥም። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ለአቅመ መራባት የደረሱትም በአገሪቱ ሁሉ ተደምረው ከ500 አይበልጡም። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነውና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለገበሬው ወዳጅ እንጂ ጠላት አይደለም።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። በ1999 ዓ.ም የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የሚያድን ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ደንግጓል። ነገር ግን ጠመንጃ ድምፅ አለው፤ ሽቦ ድምፅ የለውም። በሣር ውስጥ የተዘረጋን ቀጭን ሽቦ ጥበቃው ካልረገጠው በቀር አያየውም።

ታዲያ አንዳንድ ወገኖች «ከመከልከል ይልቅ ሥርዓት ይበጅለት፤ አጥማጁ ይመዝገብ፣ ወጥመዱን በየቀኑ ይጎብኝ» ይላሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ስኮትላንድ ሞክራዋለች። አጥማጁ እንዲሠለጥን፣ ሸምቀቆው የባለቤቱ መለያ ቁጥር እንዲንጠለጠልበት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ እንዲታይ ደነገገች። ይህን ሁሉ አድርጋ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ ጨርሳ ከለከለችው። ዌልስ በ2023 ቀድማታለች። መንገድና ተቆጣጣሪ ያላት አገር ያልቻለችውን በቦረና ገደላገደል ላይ ማን ይቆጣጠረዋል? መለያ ቁጥሩንስ ማን ወርዶ ያነባል? የቁጥጥር ጉድለት የት እንደሚያደርስ ካምቦዲያ፣ ላኦስና ቬትናም ይመስክሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ግምት በሦስቱ አገሮች ጥብቅ ሥፍራዎች ብቻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሸምቀቆዎች ተዘርግተው ነበር።

በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ሥጋውስ? የማኢዳ ምዕራፍ ሦስተኛ አንቀጽ እርም ከሆኑት መካከል ታንቆ የሞተውን በስም ይጠቅሳል፤ ነፍሱ ሳይወጣ ተደርሶበት የታረደው ብቻ ይለያል። አደን በራሱ የተፈቀደ ነው፤ ቀጣዩ አንቀጽ በሠለጠኑ አዳኝ እንስሳት የተያዘውን የአላህን ስም ጠርቶ መብላትን ይፈቅዳል። ሌሊት በሽቦ ታንቆ ያደረ ሚዳቋ ግን በክት ነው። ስለዚህ «ለልጆቼ ሥጋ ብዬ ነው» የሚለው ምክንያት ከእኛ ሰው አፍ ሲወጣ ያስገርመኛል። ሰብል የሚያጠፋን አውሬ መከላከል መብት መሆኑን አልክድም። ሆኖም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት በዚያው ምክንያት እንደተቀጣች ነግረውናል። ሁለት ቀን ያለ ውኃ በሽቦ ተይዞ የሚውል እንስሳ ከዚያች ድመት በምን ይለያል?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ በፓርኩም ሆነ በአዋሳኙ ቀበሌ የሽቦ ሸምቀቆ ፈጽሞ መከልከል አለበት። ነገር ግን ሽቦውን ወስዶ ገበሬውን ከጃርቱ ጋር ማፋጠጥ ግፍ ነው። ለድንች መደብ ካብና ቦይ፣ ለገብስ ማሳ በተራ የሚጠበቅ ማማ፣ የግድ ከሆነም የያዘውን ሳይጎዳ የሚያቆይና ያልተፈለገውን ለመልቀቅ የሚያስችል የሳጥን ወጥመድ አለ። ይህ ሁሉ ጉልበትና ገንዘብ ይጠይቃል። ከፓርኩ ጎብኚ ከሚገኘው ገቢ ለዚህ ቢውል ተቃዋሚ የሚኖር አይመስለኝም።

ይህንኑ ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። ሻያቸውን ጨርሰው «ማማውን በተራ እንጠብቅ ካሉ ሽቦዬን እኔው ራሴ አምጥቼ አስረክባለሁ» አሉ። ቀጥለውም «ግን መጀመሪያ ማን ይጠብቅ?» ብለው ሳቁ።