በሩስት ቋንቋ የዊንዶውስን መስኮት ስለ መክፈት

በሩስት የሚጽፍ ሰው መስኮት ለመክፈት በፈለገ ጊዜ ሌሎች ያዘጋጁትን ላይብረሪ መጠቀም ይቀለዋል፤ ይሁን እንጂ እነዚህ ላይብረሪዎች ራሳቸው በስተመጨረሻ የሚጠሩት «ዩዘር32» በሚባለው ዲኤልኤል ውስጥ ያሉትን ፋንክሽኖች ስለ ሆነ፣ ያለ አማላጅ አንድ ጊዜ እንኳ በገዛ እጁ የጠራቸው ሰው፣ ኋላ የሚገጥመውን እንከን ከምንጩ ለመመርመር ይችላል።

መጀመሪያ የሚሠራው ፋንክሽኖቹን ማስታወቅ ነው። «ኤክስተርን ሲስተም» በሚል ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱን ስም፣ የሚቀበለውንና የሚመልሰውን ዓይነት መጻፍና ከ«ዩዘር32» ጋር እንዲያያዝ ማዘዝ ያስፈልጋል። «ሲ» በማለት ፈንታ «ሲስተም» መባሉ፣ በ32 ቢቱ ዊንዶውስ ከጥሪ በኋላ ስታኩን የሚያጸዳው የተጠራው ፋንክሽን ሲሆን የ64 ቢቱ ሥርዐት ግን ሌላ በመሆኑ፣ ይህ ቃል ለሁለቱም የሚስማማውን ስለሚመርጥ ነው። ስትራክቸሮቹም «ሪፕር ሲ» የሚል ምልክት ይደረግባቸው፤ ያለዚያ ኮምፓይለሩ የአባላቱን ቅደም ተከተል እንደ ወደደ ያዛውራል። የተጻፈው ማስታወቂያ እውነት መሆኑን ኮምፓይለሩ ሊመረምር አይችልምና፣ ጥሪው በ«አንሴፍ» ክፍል ውስጥ ይሆናል፤ ኀላፊነቱም በጸሐፊው ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ የጽሑፍ ነገር ይመጣል፤ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ይህ ነው። ጽሑፍ የሚቀበሉት ፋንክሽኖች በስማቸው መጨረሻ «ኤ» ወይም «ደብልዩ» ይዘው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ። በ«ኤ» የሚያልቁት ጽሑፉን በኮድ ፔጅ በኩል ስለሚያሳልፉት፣ ኮድ ፔጁ በተለይ ዩቲኤፍ-8 ካልተደረገ በቀር፣ የመስኮቱ የአማርኛ ርእስ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል፤ ዩኒኮድ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ፊደላችንን ተቀብሎታልና፣ ምንጊዜም በ«ደብልዩ» የሚያልቁትን መጥራት ይገባል። እነዚህ የሚሹት ዩቲኤፍ-16 ሲሆን ሩስት ጽሑፍን የሚያኖረው በዩቲኤፍ-8 ነው፤ «ሰላም» የሚለው ቃል በሩስት ዘንድ 9 ባይት ሲይዝ፣ ተለውጦ የፍጻሜው ዜሮ ሲታከልበት 8 ባይት ይሆናል። ያን ዜሮ የረሳ እንደ ሆነ ዊንዶውስ የቃሉን ወሰን አልፎ የማይመለከተውን ሜሞሪ ያነባል። የተለወጠውን ጽሑፍ የያዘው ቬክተርም በስም ተይዞ ጥሪው እስኪፈጸም ድረስ ይቆይ፤ በአንድ መስመር ለውጦ አድራሻውን ብቻ የሚያስቀር ሰው፣ ቬክተሩ በዚያው መስመር መጨረሻ ስለሚጠፋ፣ ባለቤት የሌለው አድራሻ ይዞ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ የመስኮቱን ዓይነት የሚገልጸውን ክላስ በ«ሬጂስተርክላስኤክስደብልዩ» ለማስመዝገብ የሚሞላው ስትራክቸር የመጀመሪያ አባሉ የራሱን መጠን ይገልጻል፤ ይኸውም በ64 ቢት ላይ 80 ባይት ነው፤ መጠኑ ሳይሞላ የቀረ እንደ ሆነ ምዝገባው አይፈጸምም። ከዚያ 12 ነገሮችን የሚቀበለው «ክሪኤትዊንዶውኤክስደብልዩ» ይጠራል፤ ዜሮ ከመለሰም ሌላ ጥሪ ሳይቀድም «ጌትላስትኤረር»ን መጠየቅ ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉበት ግን ከዚህ ላይ ነው። የመስኮቱን ፕሮሲጀር፣ ማለት መልእክቶቹን የሚቀበለውን ፋንክሽን፣ የምንጽፈው እኛ ስንሆን የሚጠራው ዊንዶውስ ነው፤ እንዲያውም የመስኮቱ ፍጥረት ሳይፈጸም፣ «ክሪኤትዊንዶውኤክስደብልዩ» ገና ሳይመለስ፣ «ደብልዩኤም ኤንሲክሪኤት» የሚባለው መልእክት ይደርሰዋል። ለዚህ መልእክት ዜሮ የመለሰ ፕሮሲጀር መስኮቱን በማሕፀን ሳለ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ለራሳችን ጉዳይ የማንፈልገውን መልእክት ሁሉ ለ«ዴፍዊንዶውፕሮክደብልዩ» ማስተላለፍ፣ እርሱም የመለሰውን እንዳለ መመለስ ግዴታ ነው። «ደብልዩኤም ዲስትሮይ» በመጣ ጊዜ «ፖስትኩዊትመሴጅ» ይጠራ።

በመጨረሻ የመልእክቱ ዑደት ይጻፋል፤ «ጌትመሴጅደብልዩ» መልእክቱን ያመጣል፣ «ትራንስሌትመሴጅ» የቁልፉን ምት ወደ ፊደል ይለውጣል፣ «ዲስፓችመሴጅደብልዩ» ወደ ፕሮሲጀሩ ያደርሳል። «ጌትመሴጅደብልዩ» በ«ፖስትኩዊትመሴጅ» የተላከው የመዝጊያ መልእክት ሲደርስ ዜሮ፣ ስሕተት ሲያገኝ ግን ከዜሮ በታች አንድ ስለሚመልስ፣ ዑደቱ «ዜሮ እስካልሆነ ድረስ» ሳይሆን «ከዜሮ በላይ እስከ ሆነ ድረስ» ተብሎ ይጻፍ፤ ያለዚያ በስሕተት ጊዜ ፕሮግራሙ ያለ ፍጻሜ ይሽከረከራል።