ትልቁ አምራች ለምን ዘገየ?
ከዓባይ በረሃ ቁልቁለት እስከ ቶዮታ ፋብሪካ

መግቢያ

በአገራችን መኪና ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ስም ቶዮታ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ላንድ ክሩዘር፣ የከተማው ኮሮላና ቪትዝ፣ ከከተማ ወደ ወረዳ የሚመላለሰው ሃይኤስ ሚኒባስ፣ ሁሉም የዚህ የጃፓን አምራች ሥራዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የበዙት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በአብዛኛው በቻይና የተሠሩ ናቸው። በዓለም በሽያጭ ብዛት ቀዳሚ የሆነው አምራች በዚህ አዲስ መስክ ለምን ወደ ኋላ ቀረ? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በፊዚክስ ዐይን እንመለከታለን። ለዚህም በቅድሚያ ሁለቱ መኪኖች በምን እንደሚለያዩ በምናውቀው መንገድ ላይ እናሰላለን።

ቁልቁለቱና ዳገቱ

ከደብረ ወርቅ ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ደጀንን ሲያልፍ የዓባይ ሸለቆ ይጠብቀዋል። ከደጀን እስከ ድልድዩ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከነተሳፋሪዎቹ መጠነ ቁሱ 2,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና እንውሰድ። በዚህ ቁልቁለት የሚያጣው እምቅ ኢነርጂ የመጠነ ቁሱ፣ የስበት ሽምጠትና የከፍታው ብዜት ነው፦

2,000 × 9.8 × 1,400 = 27.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ

ይህም 7.6 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 5 ሚሊዮን ጁል የሚሆነውን የጎማና የአየር ሰበቃ ይወስደዋል ብንል፣ ቀሪው 22 ሚሊዮን ጁል የት ይገባል? በቤንዚን መኪና መልሱ አንድ ነው፤ ሙቀት ይሆናል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ቢወርድ በሞተሩ፣ ፍሬን ቢያዘወትር በፍሬኑ በኩል ወደ አየር ይበተናል። በቁልቁለቱ ግርጌ የሚሸተው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ የዚህ ብክነት ምስክር ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ግን ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል፤ ሞተሩም ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ከቀሪው ኢነርጂ 70 በመቶው ቢመለስ ባትሪው ከ4 ኪሎዋት-ሰዓት በላይ ያገኛል። ይህ በሜዳ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል።

ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣው ዳገት ደግሞ ከፍታውንና ሰበቃውን ጨምሮ 32 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይጠይቃል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ኢነርጂም 32 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ወደ ጎማ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ በመሆኑ 4 ሊትር ይቃጠላል። የኤሌክትሪኩ መኪና ሥራውን በ10 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ይፈጽማል። በተጨማሪም በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለሥራው አየር አይሻም።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ በአንድ ወገን ብቻ አያጋድልም። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን 12 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ኢነርጂ ሲይዝ፣ ከነማቀፊያው የተመዘነ የሊትየም ባትሪ ግን ከ0.2 ብዙ አይርቅም። 24 ሊትር ቤንዚን የሚሠራውን ለመሥራት 400 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ባትሪ ያስፈልጋል። የአዲሱ መኪና ዋናው ችግር ያለው እንግዲህ ከሞተሩ ይልቅ በባትሪው ላይ ነው። የነባሩ አምራች ፈተናም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የተካበተው ዕውቀት

ነባር የመኪና አምራች ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ቃጠሎን ነው። ነዳጅና አየር ምን ያህል እንደሚደባለቁ፣ ፒስተንና ቫልቭ በስንት ማይክሮ ሜትር ልዩነት እንደሚገጣጠሙ፣ ማርሹ ኃይሉን እንዴት እንደሚያስተላልፍ ለአሥርተ ዓመታት ሲያጠና ኖሯል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2015 ለፕሪዩስ በሠራው ሞተር ከፍተኛውን የሙቀት ብቃት 40 በመቶ አድርሶታል። ይህ በሙያው እጅግ የሚደነቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ተራ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሞተር ከ90 በመቶ በላይ ይሠራል። ለአንዷ በመቶ የተደከመበት ዕውቀት በአዲሱ መኪና ውስጥ ቦታ አያገኝም፤ ቦታውን የባትሪ ኬሚስትሪ፣ የኃይል ኤሌክትሮኒክስና ሶፍትዌር ይወስዱታል።

ለዚህ የቻይናው ቢዋይዲ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሸንዠን ሲቋቋም ባትሪ ሠሪ ነበር፤ ወደ መኪና ሥራ የገባው በ2003 ነው። አስቸጋሪውን ክፍል አስቀድሞ ያውቀው ስለነበር የቀረው ጎማና ቆርቆሮ ነበር ቢባል ማጋነኑ ጥቂት ነው።

የቶዮታ ጉዞ

ቶዮታ ለባትሪ እንግዳ አልነበረም። በብዛት ተመርቶ ለገበያ በመቅረብ የመጀመሪያ የሆነውን የሃይብሪድ መኪና፣ ፕሪዩስን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 አውጥቷል። ከቴስላ ጋር በመተባበርም ከ2012 እስከ 2014 በኤሌክትሪክ የሚሠራ ራቭ-4 ሠርቶ ነበር፤ የተሸጠው ግን 2,500 ገደማ ነው። በ2022 ያወጣው ቢዚ4ኤክስ ደግሞ የጎማው ብሎኖች ይላላሉ ተብሎ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለጥገና ተጠራ። ጉድለቱ በአዲሱ ባትሪ ሳይሆን አምራቹ ለዘመናት በሚያውቀው ጎማ ላይ መገኘቱ ልብ ይሏል። ለቻይና ገበያ የቀረበው ቢዚ3 የተሰኘው መኪና ባትሪውን ያገኘው ከቢዋይዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የቶዮታ ሽያጭ ከ10 ሚሊዮን መኪኖች በላይ ሲሆን፣ በባትሪ ብቻ የሚሠሩት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። በዚያው ዓመት ቢዋይዲ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ሸጧል።

ድርጅቱ የሚያቀርበው መከራከሪያ አለው። ለአንድ ትልቅ የባትሪ መኪና የሚውለው ማዕድን ለ90 ሃይብሪዶች ይበቃል፤ ማዕድኑ ውስን ከሆነ ለብዙ መኪኖች ማከፋፈሉ የበለጠ ነዳጅ ያድናል ይላል። ስሌቱ የሚናቅ አይደለም፤ የሃይብሪድ ገበያውም አትርፎለታል። ሆኖም አንድ ሰው በሚያውቀው ሥራ ሲሳካለት የማያውቀውን ለመጀመር ምክንያት ያጣል። የቶዮታ መዘግየት ከድክመቱ ይልቅ ከብርታቱ የመነጨ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ለእኛስ?

የቶዮታ ስሌት ቦታ ሲለወጥ መልሱ ይለወጣል። ጃፓን ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታመነጨው ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። በኢትዮጵያ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚገኝ ሲሆን፣ ቤንዚኑ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የሚሠራውም በዚያው የእምቅ ኢነርጂ ሕግ ነው። መኪናውን ቁልቁል የሚስበው ስበት የግድቡን ውኃም ይስበዋል።

በሌላ በኩል የኃይል መሙያ ጣቢያዎች በአብዛኛው በአዲስ አበባ ተወስነዋል፤ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ለምትገኘው ደብረ ወርቅ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከጣቢያው ባልተናነሰ የሚያሳስበው የዕውቀቱ ነገር ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደብረ ወርቅ ያሉ መካኒኮች የሞተርን ሕመም በድምፁ ያውቃሉ፤ 400 ቮልት የተሸከመ ባትሪ ግን ድምፅ የለውም፤ ያለ ሥልጠና የነካውንም ሊገድል ይችላል። ቶዮታን የገጠመው ፈተና በአነስተኛ መጠን በየጋራዡና በየቴክኒክ ኮሌጁ ደጃፍ ቆሟል።

ማጠቃለያ

የመኪናው ለውጥ በመሠረቱ የዕውቀት ለውጥ ነው። ትልቁ አምራች የገንዘብም የፋብሪካም እጥረት ሳይኖርበት ዘግይቷል። የእኛ ተማሪ ፋብሪካ ባይኖረውም የሚጥለው የቆየ ሥራም የለውም፤ ኤሌክትሮኬሚስትሪንና ኤሌክትሮማግኔቲዝምን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለሙያ ቢማራቸው ከሌሎች እኩል ሊጀምር ይችላል።

ለአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች
1. ባትሪው ደጀን ላይ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ቢሆን፣ በቁልቁለቱ የሚገኘው ኢነርጂ ወዴት ይሄዳል?
2. ውኃ 130 ሜትር ወርዶ ተርባይን ያዞራል እንበል። ጠቅላላው ብቃት 80 በመቶ ቢሆን፣ ዳገቱን ለመውጣት የሚበቃውን 10 ኪሎዋት-ሰዓት ለማመንጨት ስንት ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልጋል?