ከበርሊን ለንደን፦ የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት

በሁለት ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት አይለወጥም፤ የበረራው ሰዓት ግን በርቀቱ ብቻ አይወሰንም። በአርቦዬ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የጂኦግራፊ መምህርና ለውድድር ወደ አውሮፓ ሊሄድ የተዘጋጀ ወጣት ሯጭ ያደረጉት ምልልስ የሚከተለው ነው።

ወጣት፦ ጋሼ፣ ከበርሊን ለንደን ምን ያህል ይርቃል?

መምህር፦ በቀጥታ መስመር 930 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀጥታ መስመር ስልህ በአገርህ ተመልከተው። ከአዲስ አበባ አሰላ በመኪና 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በሞጆና በአዳማ ዞሮ ነው አሰላ የሚወጣው። በአየር ቢለካ ግን 130 እንኳ አይሞላም። በረራ የሚሰላው በዚህኛው ነው።

ወጣት፦ አውሮፕላን በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል ይባላል። ታዲያ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም ማለት ነው?

መምህር፦ አያልፍም ነበር፣ መንደርደሪያውና መውጣት መውረዱ ባይኖር። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ተራ ይጠብቃል፣ ቀስ እያለ ከፍታ ይይዛል፣ ለማረፍም ከሩቅ ጀምሮ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ለ800 አካፍልና 40 ደቂቃ ጨምርበት፤ ግምት ነው፣ ግን ብዙ አያሳስትም። የበርሊን ለንደኑ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይመጣልሃል። የበቆጂው ቀነኒሳ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የበርሊንን ማራቶን በ2፡01፡41 ነው የጨረሰው፤ እሱ 42 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ አውሮፕላኑ ለንደን ገብቷል።

ወጣት፦ ከእኛ ወደዚያስ?

መምህር፦ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት 5,350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚሁ ስሌት 7 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። አርባዋ ደቂቃ በረጅም መንገድ ላይ ብዙም አትታወቅም፣ በአጭሩ ላይ ግን ከጊዜው ሲሶውን ትወስዳለች።

ወጣት፦ መልሱም ያው ነው?

መምህር፦ አይደለም። በአውሮፓ ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ወደ ለንደን ስትሄድ ከፊት ይገፋሃል፣ ወደ በርሊን ስትመለስ ከኋላ ያግዝሃል። የደቂቃዎች ልዩነት ነው፤ አትላንቲክን ለሚሻገር ግን አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል።

ወጣት፦ ትኬቱ ላይ ግን 10፡00 ተነስቶ 10፡50 ይደርሳል ይላል። ሃምሳ ደቂቃ ብቻ!

መምህር፦ መነሻው በበርሊን ሰዓት፣ መድረሻው በለንደን ሰዓት ስለተጻፈ ነው። ለንደን ከበርሊን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ሲመለሱ ደግሞ በረራው ሦስት ሰዓት የፈጀ ይመስላል። እኛ በክረምትም በበጋም ሰዓታችንን አንነካም፤ እነሱ በዓመት ሁለቴ ይለውጣሉ። ስለዚህ ከበርሊን የምንለየው እነሱ ብርድ ላይ ሲሆኑ በሁለት፣ ሙቀት ላይ ሲሆኑ በአንድ ሰዓት ነው።

ወጣት፦ ሌላ የምጠነቀቀው አለ?

መምህር፦ አለ። ብሪታንያ የሸንገን አባል አይደለችም፤ በጀርመን ቪዛ ለንደን አትገባም። ሌላው የሰዓቱ አቆጣጠር ነው። ትኬቱ ላይ ያለው 10፡00 በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። በእኛ አሥር ሰዓት ነው ብለህ ከሄድህ፣ አውሮፕላኑ ከተነሳ ስድስት ሰዓት ሆኖታል።