ከአርባ ዓመት ዕድሜ በኋላ ለራስ ዳሸን መዘጋጀት፦ የአሥራ ስድስት ሳምንት መመሪያ

የራስ ዳሸን ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 4,533 ሜትር ነው። ዛሬ ጎልማሳ የሆነው ትውልድ በትምህርት ቤት 4,620 ብሎ ነበር የሸመደደው፤ ተራራው አላጠረም፣ ልኬቱ ነው የተስተካከለው። ጫፉ ላይ ለመድረስ ገመድም ሆነ የበረዶ ጫማ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ለተከታታይ ቀናት ዳገትና ቁልቁለት የሚችል እግር ነው። ለዓመታት ከወንበርና ከመኪና ያልተለየ፣ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ጤነኛ ሰው ይህን እግር ለማግኘት አሥራ ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል።

ጊዜው የረዘመበት ምክንያት ሳንባ አይደለም። ሥራ የፈታ ሰውነት ልምምድ ሲጀምር ቀድሞ የሚመለሰው ትንፋሽ ነው፤ ሦስትና አራት ሳምንት ውስጥ ለውጡ ይታወቃል። ጡንቻ ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል። ጅማት ግን የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ የሚጠነክረው በወራት ነው። አደጋው ያለው በእነዚህ መካከል ባለው ክፍተት ነው፦ ትንፋሹ የተመለሰለት ሰው ጉልበቱና የተረከዙ ጅማት ገና ሳይደርሱ መሮጥ ይጀምራል። በወጣትነቱ ኳስ ይጫወት የነበረ ሰው ደግሞ ይብስበታል፤ ጭንቅላቱ የሚያስታውሰው የሃያ ዓመት እግሩን ነው።

ሰኔ 15 የጀመረ ሰው ጥቅምት 2 ይጨርሳል። ያን ጊዜ ራስ ዳሸን በሚገኝበት በስሜን ዝናቡ ያበቃል፣ መሬቱም ገና ለምለም ነው። ክረምቱን በልምምድ ማሳለፍ የማይመች ቢመስልም ደረጃ ቤት ውስጥም ይወጣል።

መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ ደብተር

ከልምምዱ በፊት የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የደም ማነስና የልብ ኤሌክትሪክ (ኢሲጂ) ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ደረጃ ወይም ዳገት ሲወጡ ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ሲቆሙ የሚለቅ ሕመም በጨጓራ ተሳብቦ የሚታለፍ አይደለም፤ የልብ ደም ሥር መጥበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ራሱን ስቶ የሚያውቅ፣ ወላጁ ወይም ወንድሙ በለጋ ዕድሜው በልብ ሕመም በድንገት የሞተበት፣ ወይም የስኳርና የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓትና እስከ ምን ያህል ከፍታ እንደሚጓዝ ዘርዝሮ መንገር አለበት። «ስፖርት ልጀምር ነው» ማለት ብቻ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ሦስት ነገሮች ተለክተው በደብተር ይጻፋሉ። አንደኛው ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የእጅ አንጓ ላይ የሚቆጠር የልብ ምት ነው። ሁለተኛው አራተኛ ፎቅ ድረስ በተለመደው እርምጃ ወጥቶ ትንፋሽ እስኪረጋጋ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ሦስተኛው እጅን ደረት ላይ አጣምሮ በሠላሳ ሰከንድ ወንበር ላይ ስንት ጊዜ ተቀምጦ መነሣት እንደሚቻል ነው። ይኸው ልኬት በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። ሚዛን ላይ መውጣት ግዴታ አይደለም፤ ክብደቱ ሳይቀንስ ዳገቱ የቀለለው ብዙ ሰው አለ።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት፦ መራመድ ብቻ

በሳምንት አራት ቀን፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ እየተጨመረ ይኬዳል። የፍጥነቱ ልክ በስልክ እያወሩ መሄድ መቻል ነው። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ በትንፋሽ የሚቆረጥ ከሆነ ፍጥነቱ በዝቷል፤ መዝፈን የሚቻል ከሆነ ደግሞ አንሷል። አራተኛው ሳምንት ላይ ጊዜው እንደገና ወደ ሠላሳ ደቂቃ ይወርዳል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሰውነት የተጎዳውን የሚጠግነው በዕረፍት ነው፣ ይኸው ልማድ ስምንተኛውና አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ላይም ይደገማል። በሦስተኛው ሳምንት «ቀለለኝ» ብሎ ሩጫ መጀመር ብዙ ዕቅድ ያበላሸ ስሕተት ነው።

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት፦ ደረጃና ጉልበት

አሁን ኮንዶሚኒየም ይጠቅማል። የአንድ ፎቅ ከፍታ ሦስት ሜትር ገደማ ነው፤ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ አንድ ጊዜ መውጣት አሥራ ሁለት ሜትር ማለት ነው። ከአምቢቆ ሰፈር ተነሥቶ ራስ ዳሸን ጫፍ ለመድረስ የሚወጣው ከፍታ 1,300 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ያንኑ ሕንፃ ከመቶ ጊዜ በላይ ከመውጣት ጋር እኩል ነው። ማንም ይህን በአንድ ቀን በደረጃ እንዲሠራ አይጠበቅም፤ ቁጥሩ የሚጠቅመው የተራራውን ልክ ለማወቅ ነው። በአምስተኛው ሳምንት አምስት ጊዜ መውጣትና መውረድ ይበቃል፤ በሰባተኛው ሳምንት መጨረሻ በሳምንት ሁለት ቀን አሥራ አምስት ጊዜ መድረስ ጥሩ ነው። የደረጃ መብራት ለጠፋበት ሕንፃ የእጅ ባትሪ መያዝ ግድ ነው፤ በጨለማ ቁርጭምጭሚት በቀላሉ ወለም ይላል።

ከደረጃው በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን የጉልበት ሥራ ይሠራል። ዋናው ቀላል የሚመስለው ነው። በደረጃው የታችኛው የመጨረሻ እርከን ላይ፣ ፊትን ወደ ታች አዙሮ፣ ግድግዳ ወይም ብረት በአንድ እጅ ነካ አድርጎ በአንድ እግር መቆም። ሌላውን እግር ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የቆሙበትን ጉልበት ቀስ እያጠፉ፣ በልብ እስከ አራት እየቆጠሩ ተረከዝን ወደ ወለሉ ማውረድ። ተረከዙ ነካ ሲያደርግ ክብደት ሳይጥሉበት መመለስ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከተጣመመ ወይም ከተንቀጠቀጠ እርከኑ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ወፍራም መጽሐፍ ላይ ቆሞ መጀመር ይቻላል። ለእያንዳንዱ እግር ስምንት ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ከዚህ ጋር በእርከን ጠርዝ ላይ በጣቶች ቆሞ ተረከዝን ማንሣትና ቀስ ብሎ ማውረድ ለባትና ለተረከዝ ጅማት ይሠራል። ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሣት ለጭን ይበቃል። ጂም የሚከፍል ይክፈል፤ ለዚህ ተራራ ግን ደረጃ ያለው ቤት ከብዙ ማሽን ይሻላል።

ይህ ጊዜ ከጾመ ፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ጾሙን የሚጾም ሰው ልምምዱን ማቆም የለበትም፤ ሰዓቱን ማስተካከል ግን አለበት። ቀለል ያለው የእግር ጉዞ ከመግደፊያው ሰዓት በፊት ይሆናል፣ የጉልበት ሥራው ደግሞ ከምግብ በኋላ አመሻሽ ላይ። ጡንቻ የሚጠገንበት ነገር በጾም ገበታ ላይም አለ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ አተር ክክ፣ ሱፍ፣ ለውዝ። ከተለመደው ጥቂት ጨምሮ መብላት እንጂ በጎመንና በድንች ብቻ ማለፍ አያዋጣም። ቡናና ሻይ ምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ርቀው ቢጠጡ ይመረጣል። ሰውነት ከፍታ ላይ በቂ ኦክስጅን የሚያገኘው ብረት በሚያስፈልገው ቀይ የደም ሕዋስ ነውና ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ከ9ኛ እስከ 14ኛ ሳምንት፦ ዳገቱ፣ ይልቁንም ቁልቁለቱ

በስሜን ጓዝ የሚሸከመው በቅሎ ነው። ተጓዡ ጀርባው ላይ የሚይዘው ውኃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብና ስንቅ ከስምንት ኪሎ አይበልጥም። ስለዚህ ሃያ ኪሎ ተሸክሞ መለማመድ ወገብን ከመጉዳት ያለፈ ትርፍ የለውም። ቦርሳ ውስጥ ባለ ሁለት ሊትር ሀይላንዶች ውኃ ሞልቶ መጀመር ጥሩ ዘዴ ነው፤ አንዱ ሁለት ኪሎ ነው። መጀመሪያ ላይ ዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ ውኃው ይደፋና ባዶውን ይወረዳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱ ብቻ ይደፋል፤ በመጨረሻ ሙሉ ሸክሙ ተይዞ ይወረዳል።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ ለሳምንታዊው ጉዞ ይበቃል። ችግሩ ብዙው ሰው በእግሩ ወጥቶ በታክሲ መውረዱ ነው። የተራራ ሠልጣኝ ተቃራኒውን ቢያደርግ እንኳ ይሻለው ነበር። ዳገት የሚያደክመው ልብን ነው፤ ቁልቁለት ግን የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት እንዲይዝ ስለሚያስገድደው ቃጫዎቹን ይጎዳል። ሕመሙ በማግሥቱ ይጀምርና በሁለተኛው ቀን ይብሳል፤ ደረጃ በጎን የሚያስወርደው እሱ ነው። ደግነቱ ጡንቻ ይህን አይረሳም፦ አንድ ጊዜ በቁልቁለት የታሸ ጭን ለሳምንታት ያህል በተመሳሳይ ሥራ ብዙም አይታመምም። ሲወርዱ እርምጃን ማሳጠር፣ ጉልበትን ጠበቅ ሳያደርጉ እጥፍ እንዳለ መተው፣ እግርን ከሰውነት ሥር ማሳረፍ ያስፈልጋል። ሁለት ዘንግ መያዝ የጉልበትን ሸክም ይቀንሳል፤ የእረኛ ዱላም ያው ነው።

በአሥራ አራተኛው ሳምንት የመስቀል በዓል አካባቢ ሁለት ቀን ተከታታይ ረጅም ጉዞ ይደረጋል። ለዚህ የወንጪ ሐይቅ ያለበት ተራራ ተመራጭ ነው። ጠርዙ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ያስወርዳል፣ ከዚያ የደከመውን እግር መልሶ ያስወጣል። ራስ ዳሸንም የሚፈትነው በዚሁ ዓይነት ነው። ስንቁም የሚፈተሸው እዚሁ ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ። በመንገድ ላይ የማይወርድ ምግብ ተራራ ላይም አይወርድም። ጫማው ቢያንስ ለሁለት ወር የተረገጠ መሆን አለበት፤ ለተራራ ተብሎ በመጨረሻው ሳምንት የተገዛ አዲስ ጫማ እግርን ውኃ ማስቋጠሩ አይቀርም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት፦ ማረፍ

በ15ኛው ሳምንት ልምምዱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ16ኛው አጫጭር የእግር ጉዞ ብቻ ይቀራል። ባለፉት ወራት የቀረውን አሁን ለማካካስ መሞከር ድካሙን ተራራው ላይ ይዞ መሄድ ነው። እንቅልፍ ከምንም ይበልጣል። የአካባቢው ጸጥታ ምን እንደሚመስል ከመነሣት በፊት መጠየቅም የዚህ ሳምንት ሥራ ነው።

ከፍታውና መንገዱ

የአካል ብቃት ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጠንካራው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ሊታመም ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበት ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። የመንገዱ መነሻ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ፣ የማደሪያ ሰፈሮቹ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ነው፤ በእግር በየሰፈሩ እያደሩ የሚሄዱ ከሆነ ሕጉ በራሱ ይጠበቃል። ነገር ግን እስከ ጨነቅ መኪና ይገባል፤ ከጎንደር ተነሥቶ በአንድ ቀን እዚያ ያደረ ሰው ከ1,400 ሜትር በላይ ዘልሏል። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ጥቂት ቀን ሳያድር መነሣት የለበትም።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ እስኪተው ድረስ ከፍ ብሎ ማደር ክልክል ነው። የሰከረ ይመስል የሚንገዳገድ ወይም ተቀምጦ እንኳ የሚያለከልክ ሰው ሌሊትም ቢሆን መውረድ አለበት፤ እስኪነጋ መጠበቅ ይገድላል። ብርድ ለማባረር የሚጠጣ አረቄ እንቅልፍን አበላሽቶ ምልክቶቹን ይሸፍናል። ዳያሞክስ የተባለው መድኃኒት የሚወሰደው ሐኪም ሲያዝ ብቻ ነው።

ከጨነቅ ወደ አምቢቆ ያለው ቀን ብዙዎችን ያታልላል። መንገዱ በቧሂት ተራራ ትከሻ በኩል 4,200 ሜትር ገደማ ከወጣ በኋላ እስከ መሸሃ ወንዝ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ አምቢቆ፣ ወደ 3,200 ሜትር ይወጣል። በማግሥቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ተነሥቶ ወደ ጫፉ ይኬዳል፤ የመጨረሻዋ ጥቂት ርቀት በእጅም እየተያዘ የሚወጣ ድንጋይ ነው። የመመለሻ ሰዓት ቀድሞ ይወሰናል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጫፉ ቢታይም ይመለሳል። ጫፉ የጉዞው ግማሽ ነው፤ ያው 1,300 ሜትር በዚያው ቀን ተመልሶ ይወረዳል፣ በማግሥቱ ደግሞ መሸሃን ተሻግሮ የቧሂትን ዳገት እንደ አዲስ መውጣት አለ።