ስለ እጅ ስልክ ፕሮሰሰር፤ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት

በደብረ ታቦር ወደ ስልክ መደብር ገብቶ ዋጋ የሚጠይቅ ተማሪ የሚሰማው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ስምንት ኮር ነው፤ ራሙ ትልቅ ነው፤ ካሜራው ግሩም ነው» ይባላል። ነጋዴው ዋሽቷል ለማለት አይደለም። ነገር ግን ስልኩ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ ዛሬው ይሠራ እንደ ሆነ ከነዚህ ቃላት አንዱም አይናገርም። የሚከፈለውም ገንዘብ ለብዙዎቻችን ከጉና ሥር ከተሸጠ ድንች፣ ከፎገራ ሩዝ ወይም ከቤት ከወጣ በግ የተገኘ ስለ ሆነ፣ ነገሩን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ቆጥረን ጥቂት ብናጠናው ከንቱ ድካም አይሆንም።

ፕሮሰሰር ወይም ቺፕ የምንለው ነገር ጥፍር በምታህል የሲሊከን ቁራጭ ላይ የተቀረጹ እጅግ ብዙ ትራንዚስተሮች ስብስብ ነው። ትራንዚስተር ማለት የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚከፍትና የሚዘጋ ጥቃቅን በር ነው። በስልክ ቺፕ ውስጥ ያለው ደግሞ የሚያስበው ክፍል ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉን የሚያቀናብረው፣ የካሜራውን ብርሃን የሚተረጉመውና ከአንቴናው ጋር የሚነጋገረው ሞደም ሁሉ በዚያው ላይ አብረው ይገኛሉ። ቺፑ በቦርዱ ላይ የተበየደ ስለ ሆነ እንደ ባትሪ አውልቆ መለወጥ የለም። የገዙትን ይዞ መኖር ነው።

እንግዲህ «ስምንት ኮር» የሚለውን ቃል እንመርምር። ኮር ማለት ራሱን ችሎ ትእዛዝ የሚፈጽም አንድ ሠራተኛ ነው። ስምንት ወይፈን ያለው ገበሬ፣ ሁለት የደነደኑ በሬዎች ካሉት ጎረቤቱ ይበልጥ ያርሳልን? አንዱን ሞፈር የሚስበው አንድ ጥማድ ብቻ ነው፤ የቀሩት ስድስቱ ቆመው ያያሉ። በስልክም ላይ ብዙው ሥራ፣ ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም መክፈት ወይም የመጽሐፍ ገጽ መግለጥ፣ በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ኮር ላይ የሚወድቅ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሜዲያቴክ የሚባለው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣቸውን ሁለት ቺፖች እናስተያይ። ሄሊዮ ጂ35 ኮርቴክስ ኤ53 የሚባሉ ስምንት ኮሮች አሉት፤ ፍጥነታቸውም እስከ 2.3 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ሄሊዮ ጂ85 ግን ሁለት ኮርቴክስ ኤ75 በ2.0 ጊጋኸርዝና ስድስት ታናናሽ ኤ55 ኮሮች አሉት። ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው የፊተኛውን ይመርጣል፤ በእጅ ላይ ሲሞከር ግን ኋለኛው በግልጽ ይቀድማል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኤ53 እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ሲሆን ትእዛዞችን በመጡበት ተራ ብቻ ይፈጽማል። ወፍጮ ቤት አንዱ እህሉን ሳያነፍስ መጥቶ ተራው ላይ ቢቆም፣ ከኋላው ያለው ሁሉ እንደሚጠብቅ ማለት ነው። ኤ75 ግን የተዘጋጀውን አስቀድሞ ያስፈጫል። ጊጋኸርዝ የሚነግረን እግሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ነው፤ የእርምጃውን ርዝመት አይነግረንም።

ከዚህ የተነሣ የኔ አስተያየት ይህ ነው፤ በአነስተኛ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ሁለት ኤ75 ያለበትን ይፈልግ። የዩኒሶክ ቲ606ም ሁለት ኤ75 አለው፤ ፍጥነታቸው ግን 1.6 ጊጋኸርዝ ነው። ጥቂት መጨመር የሚችል እንደ ሄሊዮ ጂ99 ሁለት ኤ76 ያለበትን ቢይዝ ረጅም ጊዜ ያገለግለዋል። ከጂ99 በኋላ የወጣው ጂ100 ዋና ኮሮቹ እነዚያው ናቸውና ለቁጥሩ ብቻ ብዙ ብር መጨመር አይገባም።

ሌላው ቁጥር ናኖሜትር ነው። ጂ85 በ12፣ ጂ99 በ6 ናኖሜትር የአሠራር ደረጃ የተሠሩ ናቸው። ዛሬ ይህ ቁጥር የአሠራሩ ትውልድ መጠሪያ እንጂ ትክክለኛ ልኬት አይደለም፤ ሆኖም በጠቅላላው ቁጥሩ ሲያንስ ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚፈጀው ኃይልና የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ቺፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የደብረ ታቦር ብርድ በዚህ ረገድ ባለውለታችን ነው፤ ወደ ወረታ ሜዳ የወረደ ሰው ልዩነቱን ሊያስተውል ይችላል።

እዚህ ላይ ጋፋትን ሳላነሣ አላልፍም። ዐፄ ቴዎድሮስ በአጠገባችን ባለችው በዚያች መንደር ሴባስቶፖልን ባስቀለጡ ጊዜ የሚነድፈውም የሚያቀልጠውም አንድ መንደር ላይ ነበር፤ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውም መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ዛሬ ግን ሥራው ተከፋፍሏል። የኮሩን ንድፍ የእንግሊዙ አርም ያወጣል፤ ሜዲያቴክ ንድፉን ከሌሎች ክፍሎች ጋር ያቀናጃል፤ ጂ99ን የመሰለውን ቺፕ የሚሠራው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። በአገራችንም የቴክኖ ስልኮችን መገጣጠም ከተጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቺፑ ግን ተሠርቶ የሚመጣ ነው። መገጣጠምና ማቅለጥ ለየቅል መሆናቸውን የጋፋት ጎረቤት ሊስተው አይገባም።

ወደ ሞደሙ እንመለስ። ከጉና ጀርባ ባሉት ሸለቆዎች የሚኖር ሰው ኔትወርኩ ሲደክም ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅ ያውቃል፤ ሞደሙ ሩቅ ላለው ማማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚጮህ ነው። ለ5ጂ ተብሎ ተጨማሪ ብር ከመክፈል በፊት ግን በሚኖሩበትና በሚማሩበት ቦታ 5ጂ መኖሩን መጠየቅ ነው።

ስልክ ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ ሁልጊዜ የኮሩ አይደለም፤ የዕቃ ቤቱ ሊሆን ይችላል። ኢኤምኤምሲ የሚባለው ማከማቻ ዝግ ያለ ነው፤ ዩኤፍኤስ የሚባለው ፈጣን ነው። ጂ85 ከፊተኛው ጋር ብቻ፣ ጂ99 ግን ከኋለኛውም ጋር ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ መጽሐፉን አስቀድሞ በስልኩ ያኖረ ተማሪ ነው ያነበበው፤ ስለዚህ ማከማቻውን ከካሜራው አስቀድሜ እጠይቃለሁ። በሣጥኑ ላይ «8 ጊጋ ራም» ተብሎ በትንሽ ፊደል «4 ሲደመር 4» ቢጻፍ፣ እውነተኛው ራም 4 ብቻ ነው፤ የቀረው ከማከማቻው የተበደረ ነው።

ያገለገለ ስልክስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ስናፕድራገን 845 በኤ75 ላይ የተመሠረቱ አራት ትላልቅ ኮሮች ስላሉት ዛሬም ከብዙ አዲስ ርካሽ ስልክ ይበረታል። ነገር ግን ባትሪው ያረጀ፣ የደኅንነት ማሻሻያውም የተቋረጠ መሆኑን በሒሳብ ማስገባት ያሻል።

በመደብሩ ውስጥ የሚደረገው ምርመራ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለው ገጽ የቺፑን ስም ብዙ ጊዜ ይናገራል፤ ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ኮሮቹን በዓይነታቸው ይዘረዝራል። በስልኩ ላይ ከሌለ ከጓደኛ ስልክ በብሉቱዝ ማሻገር ይቻላል። አስመስለው የተሠሩ ስልኮች የቺፑን ስም ሊያስዋሹ ይችላሉና ስሙንና የኮሮቹን ዓይነት ጎን ለጎን ማስተያየት ነው። በሣጥኑ ላይ «ጂ99» ተብሎ ተጽፎ በመስተዋቱ ላይ ስምንት ኤ53 ቢታይ፣ ስልኩን ለነጋዴው መልሶ ወደሚቀጥለው መደብር መሄድ ነው።